ግንብ በወንበር ሲጎበኝ፦ የተደራሽነት ጥያቄ ከኖርዊች እስከ ጎንደር

ግንብ ሲሠራ ዋና ዓላማው ያልተፈለገ ሰው እንዳይገባ ማድረግ ነበር። ከፍ ያለ ቦታ ይመረጣል፣ ዙሪያው ይታጠራል፣ በሩ ይጠብባል፣ ደረጃው እየተጠማዘዘ ይወጣል። ያው ግንብ ዛሬ ሙዚየም ሆኖ፣ ትኬት እየቆረጠ፣ ሕዝብ ገብቶ ታሪኩን እንዲያይ ይጋብዛል። በእግሩ የሚሄድ ጎብኚ በሁለቱ መካከል ያለውን ግጭት ላያስተውለው ይችላል። በተሽከርካሪ ወንበር ለምንሄድ ሰዎች ግን የጥንቱ መከላከያ ዛሬም ሥራው ላይ ነው።

በአሮጌ ግንብ ውስጥ ያለ የታሪክ ሙዚየም ለዊልቸር ተጠቃሚ ምን ያህል ሊከፈት ይችላል? ሌላው ዓለም ምን ሞከረ? የእኛዎቹ ግንቦችና አብያተ መንግሥትስ ከዚያ ምን ሊወስዱ ይችላሉ? ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አቋሜን ልናገር፦ ከእንቅፋቶቹ የሚበዙት ሰው ሊያነሳቸው የሚችላቸው ናቸው። ሊነሱ የማይችሉትም ቢሆኑ ጎብኚው ከቤቱ ሳይወጣ በግልጽ ሊነገሩት ይገባል። (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ከልኬት እንጀምር። ተራ ዊልቸር ወርዱ ከ60 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው። የሚገፋው ሰው እጆች ሲጨመሩ ቢያንስ 80 ሳንቲ ሜትር ክፍት የሆነ በር ይፈልጋል፤ ቆሞ ለመዞር ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነጻ ቦታ ያስፈልገዋል። የተዳፋት መወጣጫ፣ ማለትም የራምፕ፣ የታወቀው ልክ 1 ለ12 ነው፤ 1 ሜትር ወደ ላይ ለመውጣት 12 ሜትር መንገድ ማለት ነው። ከዚያ በላይ ከቀና ገፊው ይደክማል፤ ብቻውን የሚሄደው ደግሞ ወደ ኋላ ይንሸራተታል። ስለዚህ አንድ ፎቅ፣ 3 ሜትር ከፍታ ብንል፣ ማረፊያዎቹ ሳይቆጠሩ 36 ሜትር ራምፕ ይጠይቃል። ብዙ ሰው «ራምፕ ቢሠራለት ምን አለበት?» ሲል ይህን ስሌት አያስበውም። የቅርስ ጠባቂዎችም «አይቻልም» ሲሉ ብዙ ጊዜ ይህን ስሌት ይዘው ነው፤ ሊፍት የሚባል ነገር መኖሩን ግን ይዘነጋሉ።

ከደረጃው በፊት ደግሞ ግቢው አለ። የድንጋይ ንጣፍ ለዓይን ያማረ ነው። ለዊልቸር ግን ፈተናው ከፊት ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጎማዎች ናቸው፤ በድንጋዮቹ መካከል ባለው ክፍተት ሲሰነቀሩ ወንበሩ ቀጥ ይላል፣ የተቀመጠው ሰው ወደ ፊት ይወረወራል። የሚያውቅ ገፊ ወንበሩን ወደ ኋላ አዙሮ በትልልቆቹ ጎማዎች ይጎትተዋል። እንዲህ የሚጎበኝ ሰው የሚያየው ጥሎት የመጣውን እንጂ የሚሄድበትን አይደለም። በንጣፉ መሐል አንድ ሜትር ስፋት ያለው ለስላሳ የድንጋይ መስመር ቢዘረጋ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ የግቢው መልክም አይጠፋም።

ውስጥ ከተገባ በኋላም ሌላ ጉዳይ አለ። የተቀመጠ ሰው ዓይን ከወለል 1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ላይ ነው። የመስታወት ሣጥኑ ለቆመ ሰው ከተሠራ፣ ዘውዱን ሳይሆን ዘውዱ የተቀመጠበትን ጣውላ ነው የምናየው። ጽሑፉ ከላይ ከተንጋለለ የመብራቱ ነጸብራቅ ይሸፍነዋል። ይህ ከግንቡ ጥንታዊ ድንጋይ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም፤ ሣጥኑን የሠራው አናጺ ነው፣ ልኩን የሰጠው ደግሞ ሙዚየሙ። መጸዳጃ ቤቱም እንዲሁ ነው። ግንብን መጎብኘት የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚገባበት መጸዳጃ እንደሌለ ያወቀ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ውኃ ሳይጠጣ ይመጣል። በፀሐይ፣ በዳገት ላይ ያለ ውኃ መዋል ምን እንደሚያስከትል ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም።

መረጃ ግን ከሁሉም ይቀድማል። ወደ አንድ ቦታ ከመሄዴ በፊት ደውዬ ደረጃ እንዳለው መጠየቅ ልማዴ ነው። አንድ ጊዜ በአሮጌ ቤት ውስጥ ያለ አንድ ሙዚየም ደውዬ፣ ስልኩን ያነሱት ትሑት ሰው «ኧረ ምንም ደረጃ የለውም፣ ይምጡ» አሉኝ። ስደርስ በሩ ላይ ሦስት ደረጃ ነበር። «እነዚህ እኮ ናቸው፣ ሦስት ብቻ» አሉኝ፣ ከልባቸው። ሰውየው አልዋሹም። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሦስት ደረጃ ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው «ተደራሽ ነው» ወይም «አይደለም» የሚለው መልስ የማይጠቅመው፤ የሚጠቅመው ስንት ደረጃ እንዳለ፣ በሩ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደሆነ፣ የትኛው ክፍል እንደሚገባና የትኛው እንደማይገባ የሚናገር አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ወጪው የሜትር ዋጋና የአንድ ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ነው።

አገራችን ውስጥ ደግሞ ከደረጃ ሥር የደረሰ ዊልቸር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይቀርም። ጥበቃው፣ አስጎብኚው፣ በመንገድ የሚያልፈው ተማሪ ተሰብስቦ «እንያዝልዎት» ይላል። ይህን ደግነት አላቃልልም፤ ብዙ ቦታ የገባሁት በእሱ ነው። አሸካከሙን ግን ቀረብ ብላችሁ እዩት። አንዱ የክንድ መደገፊያውን ይይዛል፤ መደገፊያው ተነቃይ ስለሆነ በደረጃው እኩሌታ ላይ ከቦታው ይወጣል። ሌላው የእግር ማሳረፊያውን ያነሳል፤ እሱም ይነቀላል። ሦስተኛው ጎማውን ይይዛል፤ ጎማው ይዞራል። ትክክለኛው አያያዝ ከኋላ የመግፊያ እጀታውን፣ ከፊት ደግሞ የማይነቀለውን የብረት አጽም መያዝ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ይቆጥራል፣ ሌሎቹ በእሱ ቃል ያነሳሉ። ወንበሩ ባለ ሞተር ከሆነ ደግሞ ራሱ ብቻ ከ100 ኪሎ ሊበልጥ ስለሚችል መሸከሙ አይታሰብም። የተሸከሙት ሰዎች ጉብኝቱ እስኪያልቅ መኖራቸውም እርግጥ አይደለም። ከላይ ሆኖ የሚያወርደውን ሰው የሚጠብቅ ጎብኚ ታሪክ አያይም፤ ደረጃውን ነው የሚያየው። ደግነት ሲኖር የሚገኝ፣ ሳይኖር የሚቀር ጉብኝት እንደ መብት ሊቆጠር አይችልም።

ሕጉ ምን ይላል? የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2006 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያ በ2010 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 30 ስለ ባህል ሕይወት ሲናገር ሁለት ልክ ያስቀምጣል። ወደ ቲያትር፣ ሙዚየም፣ ሲኒማና ቤተ መጻሕፍት መግባትን ያለ ቅድመ ሁኔታ ያነሳል፤ ወደ ታሪካዊ ሐውልቶችና ሥፍራዎች መግባትን ግን «በተቻለ መጠን» በሚል ይገድባል። በግንብ ውስጥ ያለ ሙዚየም ሁለቱንም ነው። ሙዚየም በመሆኑ ግዴታው ሙሉ ይመስላል፤ ቅርስ በመሆኑ ደግሞ «በተቻለ መጠን» የሚለው መውጫ ይከፈትለታል። እኔ የምቀበለው ንባብ ይህ ነው፦ ኤግዚቢሽኑ፣ ትኬት ቤቱ፣ መጸዳጃውና ካፌው በሙዚየሙ ግዴታ ሥር ይውደቁ፤ «በተቻለ መጠን» የሚለው ለግንቡ ሕንፃ ብቻ ይቅር። ብዙ ተቋማት ግን ግንቡን ምክንያት አድርገው ትኬት ቤቱንም ነጻ ያወጣሉ።

በአገር ቤት በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በአንቀጽ 36 የሕዝብ ሕንፃ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው የሚሆን መግቢያ እንዲኖረው አዟል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ ለአካል ጉዳተኞችና ለአረጋውያን እንክብካቤ እንዲያደርግ ያስገድዳል። ቅርስን መለወጥ በበኩሉ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ይህም ተገቢ ነው። የጎደለው ሁለቱን የሚያገናኝ ዝርዝር መመሪያ ነው፦ በቅርስ ላይ ራምፕ በምን ዓይነት ቁስ፣ በምን ዓይነት አተካከል ይፈቀዳል የሚል።

የጥበቃ ሙያው ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ ነው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር አዲስ የሚጨመር ነገር ከጥንቱ ተለይቶ እንዲታወቅና የሕንፃውን ዋና ክፍሎች እንዳይጎዳ ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ የዳበረው ሌላው መርህ የሚጨመረው ነገር ሲፈለግ ጉዳት ሳያደርስ የሚነሳ እንዲሆን ነው። ድንጋዩ ላይ ሳይበሳ የተቀመጠ የእንጨት ወይም የብረት ራምፕ ይህን ሁሉ ያሟላል። ኤሌክትሪክ፣ የቧንቧ ውኃ፣ የጥበቃ ካሜራና የትኬት መስኮት ወደ ግንቦች ሲገቡ ይህን ያህል ክርክር አልተነሳም።

አሁን ወደ ተሞከሩት እንሂድ። ለእኔ ከሁሉም የሚያስተምረው በምሥራቅ እንግሊዝ ያለው የኖርዊች ግንብ ነው። ኖርማኖች በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ያቆሙት ይህ የድንጋይ ግንብ ለብዙ ዘመን እስር ቤት ሆኖ አገልግሎ በ1894 ሙዚየም ሆነ። ከ27 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የፈጀ እድሳት ተደርጎለት በ2025 ዳግም ሲከፈት፣ ወለሎቹ በንጉሥ ሄንሪ ቀዳማዊ ዘመን እንደነበሩት ተመልሰው ተሠርተዋል፤ ሊፍቱ ደግሞ አምስቱንም ወለሎች፣ ጣሪያው ላይ ያለውን የዘብ መመላለሻ ጭምር ያዳርሳል። በዊልቸር የሄደ ሰው ከግንቡ አናት ላይ ከተማዋን ቁልቁል ያያል ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ ሁሉም ቦታ ይቻላል» ማለት ግን ስሕተት ነው። የኖርዊች ግንብ ሆዱ አስቀድሞ ባዶ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ሙዚየም ሲለወጥ የውስጥ አሠራሩ ፈርሶ ነበር። ሊፍቱ የገባው የጥንት የውስጥ ወለል ባልቀረበት ግንብ ውስጥ ነው። የጥንት ውስጡ እንዳለ የቆመ ግንብ ይህን ነጻነት አያገኝም።

ያንን የሚያሳየው የለንደን ግንብ ነው። እዚያ መሐል ላይ ያለው ነጩ ግንብ የ11ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ስለሆነ ጠባብና ጠመዝማዛ ደረጃዎቹ እንዳሉ ቀርተዋል፤ ብዙ ሰው ሊያየው የሚመጣው የዘውድ ጌጣጌጥ ያለበት ቤት ግን ለዊልቸር ክፍት ነው። የማይሆነውን ትተው ዋናውን ዕቃ በሚገባበት ቦታ አኖሩት። የኤዲንብራው ግንብ ደግሞ አለት ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ፣ ዳገቱን መውጣት ለማይችሉ ጎብኚዎች ከበሩ ወደ ላይ የምታደርስ መኪና መድቧል። ሊፍት ለመትከል አቅም ለሌለው አገር ይህ ቅርብ መፍትሔ ነው።

በኢየሩሳሌም ያለው የዳዊት ግንብ ሙዚየም ለእኛ ሰው ሩቅ አይደለም። ከያፎ በር ገብቶ ወደ ዴር ሡልጣን የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ግንቡን በቀኙ ያልፈዋል። የኢየሩሳሌምን ታሪክ የሚተርከው ይህ ሙዚየም በ1989 ተከፍቶ፣ ሰፊ እድሳት ተደርጎለት በ2023 አዲስ መግቢያና ሊፍቶች ይዞ ለሕዝብ ቀርቧል። ከሄሮድስ ዘመን ድንጋይ እስከ ኦቶማን ሚናሬት የተደራረበ ቦታ ነው፤ አንድም ድንጋይ ያለ አርኪዮሎጂ ምርመራ አይነካም። እዚያ ከተቻለ ሌላ ቦታ «ቅርስ ነው» የሚለው ምክንያት ብቻውን አይበቃም።

የአቴንሱ አክሮፖሊስ ደግሞ የክርክሩ ማዕከል ሆኗል። በ2004 ለፓራሊምፒክ ሊፍት ተተክሎለት ነበር፤ በ2020 ዲሴምበር 3፣ በዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን፣ በአዲስ ሊፍት ተተካ። ከዚሁ ጋር አለቱ ላይ የተነጠፈው የኮንክሪት መንገድ ግን ከአርኪዮሎጂስቶች ብርቱ ተቃውሞ አስነሳ። ተቃውሞውን በንቀት ማለፍ አይገባም፤ ሥፋቱና አሠራሩ ላይ የተነሳው ጥያቄ ተገቢ ነው። የማልስማማው ሊፍቱንና ኮንክሪቱን አንድ አድርጎ፣ ተደራሽነትን ራሱን ቅርስ አጥፊ አድርጎ ለሚያቀርበው ወገን ነው።

ተዳፋት መንገድም የዘመናችን ፈጠራ አይደለም። በፈረንሳይ የአምቧዝ ቤተ መንግሥት ፈረሰኞችና ሠረገሎች እየተጠማዘዙ የሚወጡበት ሰፊ ተዳፋት ያለው ግንብ አለው። በኮፐንሀገን በ1642 ያለቀው ክቡ ግንብ ከሥር እስከ አናቱ አቅራቢያ ድረስ በተዳፋት ነው የሚወጣው፤ የሩሲያው ታላቁ ጴጥሮስ በ1716 በፈረስ እንደወጣበት ይተረካል። 1642 ማለት ዐፄ ፋሲል ጎንደር ላይ የነገሡበት ዘመን ነው።

እንግዲህ ጎንደር። ፋሲል ግቢ በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በ900 ሜትር ቅጥር ውስጥ የዐፄ ፋሲል፣ የዐፄ ኢያሱ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግንቦች፣ የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት፣ የዐፄ ዳዊት አዳራሽና የዐፄ በካፋ ሕንፃ ይገኛሉ። በቅርብ ዓመታትም ሰፊ እድሳት ተደርጎለታል። ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግቢው አንድ ሕንፃ አለመሆኑ ነው። የጎንደር ውበት ግማሹ ከውጭ የሚታይ ነው፤ አራቱ የማዕዘን ጉልላቶች፣ የኖራና የጥቁር ድንጋዩ ግንባታ፣ ከአንዱ ግንብ ወደ ሌላው ሲሄዱ የሚለዋወጠው እይታ። ጎብኚው ይህን ለማየት ፎቅ መውጣት አያስፈልገውም፤ ከዋናው በር ጀምሮ ግንቦቹን ሁሉ የሚዞር ደልዳላ መንገድ ይበቃዋል። የፋሲል ግንብ ምድር ቤት ክፍሎች ከመሬቱ ብዙም ስለማይርቁ ደፉን የሚያሻግር ተነቃይ ጣውላ በቂ ሊሆን ይችላል። ወደ ላይኛው ፎቅ የሚያወጣው የውጭ ደረጃ ግን ራሱ ቅርስ ነው፤ በእሱ ላይ ራምፕ ይደረብ አልልም። ንጉሡ ለሕዝብ ይናገሩበት ነበር የሚባለው ሰገነትና ከላይ ያለው የዘብ ክፍል ለምድር ቤቱ ጎብኚ በጥሩ ፊልምና በእጅ በሚዳሰስ ሞዴል ቢቀርቡለት፣ ይህን እቀበላለሁ። ፊልሙ ሊገባባቸው የሚችሉትን ክፍሎች ዘግቶ ለማስቀረት ሰበብ ከሆነ ግን አልቀበለውም።

የፋሲል ግቢ ድንጋይ ከተነቃይ ጣውላ የከፋ አይቷል። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ለጥገና ብለው ሲሚንቶና የብረት ኮንክሪት ጨመሩበት፤ በ1941 የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ደበደቡት። በኋላ የመጡ ባለሙያዎች ሲሚንቶውን እያነሱ በኖራ ተክተውታል። ያን ያህል የተነካና የተጠገነ ቦታ የአንድ ሜትር ጣውላ አያፈርሰውም። ሙያውም ሩቅ አይደለም፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒና በተሐድሶ ትምህርቱ የታወቀ ነው፤ ተማሪዎቹና መምህራኑ ከግንቡ በአጭር መንገድ ላይ ናቸው።

አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የስድስት ኪሎው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አለ፤ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ነው። ከፊቱ ጣሊያኖች የሠሩት ጠመዝማዛ የደረጃ ሐውልት ቆሟል፤ እያንዳንዱ እርከን ፋሺዝም በ1922 ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ወዲህ ያለውን ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ደረጃን የሥልጣን ምልክት አድርጎ የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። የሙዚየሙ ዋና ስብስብና የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍል ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ሕንፃው የ20ኛው ክፍለ ዘመን በመሆኑ የሊፍት ጥናት ከጎንደር ይልቅ እዚህ ይቀላል፤ መጀመርም ያለበት ከዚህ ነው።

ጉዳዩ አሁን የሚያስቸኩለው አብያተ መንግሥት ወደ ሙዚየምነት በብዛት እየተለወጡ ስለሆነ ነው። የአንድነት ፓርክ በ2019 ተከፈተ፤ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትም ከዚያ ወዲህ ለሕዝብ በሩን ከፍቷል፤ የጅማው የአባ ጅፋርና የመቀሌው የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቤተ መንግሥትም በዚሁ ተራ ናቸው። ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ፣ ከዱባይ ለዕረፍት የሚመጣው ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ጉልበታቸው የደከመ አባትና እናት ይዞ ነው፤ እነሱ ከበር ሥር ጥላ ፈልገው ተቀምጠው ሲጠብቁ፣ ያንን ታሪክ በዕድሜያቸው የኖሩት እነሱ መሆናቸውን ማን ያስባል?

ቅርስ የምትጠብቁ ባለሙያዎች ሆይ፣ የሚቀጥለው እድሳት ንድፍ ወረቀት ላይ እያለ የአካል ጉዳተኞች ማኅበራትን ጥሩ፤ ሥራው ካለቀ በኋላ ማፍረስና መጨመር ወጪውም ጉዳቱም ይበዛል። እስከዚያው ስንት ደረጃ እንዳለ ቆጥራችሁ፣ በሩን ለክታችሁ በሩ ላይ ለጥፉት። በወንበር የምትሄዱ አንባቢዎች ደግሞ ሂዱ። የማይገባውን ክፍል ቁጠሩ፣ የበሩን ወርድ ለኩ፣ በጎብኚዎች መዝገብ ላይ ከነስማችሁ ጻፉት።